«አልገባችም!»፦ ከዌስተን እስከ ኢስት ዮርክ አንዲት ጎል ፍለጋ

ዌስተን፣ ጎህ ሲቀድ

ከቤት የወጣሁት አብዛኞቹ ጎረቤቶቼ ሳይነሱ ነው። ኅዳር ገብቷል፤ መንገዱ ላይ ስስ በረዶ ጥሏል። ወደ አየር ማረፊያ የሚሄደው ባቡር መብራቱን አብርቶ ባዶ ወንበሮቹን ይዞ አለፈኝ። የእኔ ጉዞ አውሮፕላን አይጠይቅም። ከቶሮንቶ ምዕራብ ጫፍ ተነስቼ በአውቶቡስና በሳብዌይ ባቡር ወደ ምሥራቅ እሻገራለሁ። የምፈልገው አንዲት ሴት ነው። ቢያንስ ከቤት ስወጣ የመሰለኝ እንደዚያ ነበር።

ነገሩን ላስረዳ። ሂሩት በቤተ ክርስቲያን አብራኝ የምትዘምር እህት ናት። አባቷ ጋሽ ግርማ የመርሳት ሕመም ከያዛቸው ቆይቷል። በቅርቡ ደግሞ አዲስ ነገር ጀመሩ። ዝም ብለው ከተቀመጡበት ድንገት ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሱና «አልገባችም!» ይላሉ። «ማናት ያልገባችው አባዬ?» ስትላቸው አይመልሱም። ትንሽ ቆይተው «አይቻለሁ፤ አልገባችም» ይላሉ።

«ሌላ ልጅ ሳትኖረው አትቀርም» አለችኝ ባለፈው እሁድ ፓርኪንጉ ላይ ቆመን። «አገር ቤት እያለ ወጥታ የቀረች። ወደ ቤት ያልገባች። እህት ካለችኝ ማወቅ እፈልጋለሁ። እሱ በየቀኑ እየረሳ ነው፤ ከእሱ በኋላ ማንን እጠይቃለሁ?»

ስለ ጋሽ ግርማ ወጣትነት የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአንዲት ትንሽ የአገር ቤት ከተማ የመምህራን ኮሌጅ ተምረዋል። ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ ደግሞ በዚያው ዘመን በዚያችው ከተማ እርሻ ኮሌጅ ነበሩ። ሪታየር አድርገው ሥራ ካቆሙ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው ዶናት ቤት አይጠፉም። አገኘኋቸው። ሻይ ይዤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና የሂሩትን ጭንቀት ነገርኳቸው።

«እጁን እንዴት አድርጎ ነው የሚያነሳው?» አሉኝ።

አሳየኋቸው።

«ጨብጦ ነው ወይስ ዘርግቶ?»

«ጨብጠው። ዱላ እንደያዘ ሰው።»

ኩባያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ሳቁ፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ብላ እስክታየን ድረስ ሳቁ።

«ልጄ፣ ሴት አይደለችም! ኳስ ናት!»

ሁለቱ ኮሌጆች በየዓመቱ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ይጋጠማሉ። እርሻዎቹ «ገበሬዎቹ» ይባላሉ፣ መምህራኑ «ጠመኔዎቹ»። የዚያን ዕለት ከተማው ውስጥ ሱቅ አይከፈትም። አንድ ዓመት ከሌላ ከተማ የሚመጡት የመስመር ዳኞች ወንዝ ሞልቶባቸው ቀሩ። ስለዚህ ከየኮሌጁ አንድ ተማሪ ባንዲራ ይዞ መስመር ላይ እንዲቆም ተባለ። ጠመኔዎቹ ግርማን ሰጡ፤ ከማንም ጋር የማይጣላ ልጅ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የጠመኔዎቹ አጥቂ ታምራት ኳሷን መታት። መረቡ ተናወጠ። ግማሹ ሜዳ ፈነዳ። ግርማ ግን አልገባችም ብሎ ባንዲራውን አነሳ።

«በራሱ ኮሌጅ ላይ ነው ያነሳው፣ ገባህ?» አሉኝ ጋሽ ደምሴ። «ዳኛው እሱን አመነ። አቻ ወጣን፤ ዋንጫውም እኛው ጋ ቀረ።»

«ግን ገብታ ነበር?»

«አልገባችም እንጂ!» ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እርግጥ እኔ ከወዲያኛው ጎል ጀርባ ነበርኩ። አሰለፈችን ጠይቃት። የጠመኔዎቹ ከበሮ መቺ ነበረች፤ አሁን ሬክስዴል ናት።»

ሬክስዴል፣ ረፋድ ላይ

አውቶቡሱ የሌሊት ሺፍት ጨርሰው በሚመለሱ ሰዎች ሞልቷል። ቦት ጫማ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ መስኮት ላይ የተደገፈ እንቅልፋም ጭንቅላት። መጋዘኖቹን፣ የሕንድ ጣፋጭ ቤቶቹን፣ የሶማሌ ሻይ ቤቶቹን አልፈን ረጃጅሞቹ አፓርትመንቶች ሥር ወረድኩ።

እትዬ አሰለፈች ጋሽ ደምሴ ቀድመው በስልክ ኮል አድርገውላቸው ጠበቁኝ። ደልደል ያሉ፣ ድምፃቸው ከኮሪደሩ የሚሰማ ሴት ናቸው። ቃሪያ የበዛበት ፉል ከትኩስ ዳቦ ጋር አቀረቡልኝ። ገና ሳልቀመጥ፦

«ገብታለች!» አሉኝ።

«ምንም አልጠየቅኩም እኮ እትዬ።»

«ለምን እንደመጣህ ነግሮኛል። ገብታለች! መረቡ ሲነቃነቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ከበሮዬን ጥዬ ሜዳ ገብቻለሁ፣ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ሰው እንዴት የራሱን ኮሌጅ እንዲህ ያደርጋል?»

ከዚያ በኋላ ግርማ ላይ የደረሰውን ጠየቅኳቸው። እጃቸው ዳቦው ላይ ቀረ። ፍራሹን ከመኝታ ክፍል አውጥተው ዝናብ ላይ ጣሉት አሉኝ። እስኪመረቅ ድረስ ማንም አላናገረውም። ሲያልፍ እጃቸውን እያነሱ ይስቁበት ነበር። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ አንዳንዱ ዘመተ፣ አንዳንዱ በሱዳን በኩል ተሰደደ። ዕጣ ሆነና ገሚሶቹ እዚህ ተገናኙ።

«እሱንም አንዴ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ አይቼዋለሁ» አሉኝ። «አውቄዋለሁ፣ አውቆኛል። አስፋልቱን ተሻገርኩ።»

የጋሽ ግርማን መታመም ስነግራቸው ዳቦውን ወደ ጎን ገፉት። ጋሽ ደምሴ ያንን አልነገሯቸውም ነበር።

«ታምራትን ጠይቀው» አሉኝ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «የመታት እሱ ነው። ዳንፎርዝ ላይ ልብስ ሰፊ ነው፤ ያጠባል፣ ያሳጥራል።»

አውቶቡስ ስጠብቅ ለሂሩት ደወልኩ። «ሴት አይደለችም፤ ኳስ ናት» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

«እህት የለኝም ማለት ነው?»

«የለሽም።»

«ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅኩም» አለች። ቀጥላም «አባዬ እኮ ኳስ አይወድም። ቲቪ ላይ ኳስ ሲመጣ ተነስቶ ይወጣል» አለች።

ዳንፎርዝ፣ ከሰዓት በኋላ

ሳብዌዩ ከመሬት በላይ ወጥቶ ሸለቆውን ሲሻገር ከታች ቅጠላቸውን ያራገፉ ዛፎችና ቡናማ ወንዝ ይታያሉ። ዳንፎርዝ ስወርድ የጥብስ ሽታ ተቀበለኝ። በስጋ ቤቱና በጸጉር ቤቱ መካከል ጠባብ ሱቅ አለች፤ መስኮቷ ላይ ሙሽራ የምትመስል አሻንጉሊት ቆማለች።

ጋሽ ታምራት ቀጭን ረጅም ሰው ናቸው። ሱሪ እየሰፉ ነበር። የግርማን ስም ስጠራ የማሽኑ ድምፅ ቆመ።

«በሕይወት አለ?»

«አሉ። ከዚህ በእግር ይደረሳል።»

የመጣሁበትን ነገርኳቸውና እንደ ሌሎቹ ጠየቅኳቸው። «ገብታ ነበር?»

«አላውቅም» አሉኝ።

ከሦስቱ ሰዎች እንዲህ ያለኝ መቺው ብቻ ነው!

«ልመታ ስል ተከላካዩ ከኋላ ደረሰብኝ። መታኋትና ጭቃው ላይ በአፍ ጢሜ ተደፋሁ። የሰማሁት ጩኸት ነው። ቀና ስል ሰው ሁሉ ላዬ ላይ ነበር። 'ገብታለች' አሉኝ፤ አመንኩ። በእሷ ምክንያት ያንን ሰው ስንት ዘመን ጠላሁት! ግን አላየኋትም።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ከዚያ ሁሉ ሕዝብ በደንብ ሊያያት የሚችልበት ቦታ የቆመው እሱ ብቻ ነው። ሄጄ ጠይቄው አላውቅም።»

ተነስተው ኮታቸውን ለበሱ፣ በሩ ላይ ያለውን ምልክት ወደ «ዝግ» ገለበጡት።

«ና፣ አሳየኝ።»

ኢስት ዮርክ፣ አመሻሽ ላይ

ወደ ሰሜን በሚወጣው መንገድ ተጓዝን። ትንንሽ የጡብ ቤቶች፣ በየደጁ የተከመረ የሜፕል ቅጠል። ጋሽ ታምራት አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ብለው «ባያውቀኝስ?» አሉኝ።

ሂሩት ከፈተችልን። ጋሽ ግርማ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ንጹሕ ሹራብ፣ በደንብ የተላጨ አገጭ። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠረጴዛው ላይ አለ።

«ግርማ፣ ታምራት ነኝ» አሉ እንግዳው።

ጋሽ ግርማ በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ። አላወቋቸውም።

ጋሽ ታምራት ወንበር ስበው ቀረብ አሉ። «ግርማ፣ ኳሷ ገባች?»

የጋሽ ግርማ እጅ ወዲያው ተነሳ። «አልገባችም!»

«በየት በኩል አለፈች?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኛ ሁላችን ማናት እያልን ነበር። ጋሽ ግርማ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱና ሁለቱን ብርጭቆዎች አራራቁ፤ የጎል ቋሚዎች ሆኑ። ከዚያ በጣታቸው በአንደኛው ብርጭቆ ውጭ በኩል መስመር አሰመሩ።

«በዚህ። ከቋሚው ውጭ። መረቡ ጎኑ ተቀዶ ነበር። ጠዋት እሰሩት ብያቸው ነበር፣ አላሰሩትም። በቀዳዳው ገባችና መረቡን አነቃነቀችው።» ድምፃቸው የመምህር ሆነ፤ ጥርት ያለ። «እኔ እዚህ ነበርኩ። ፊቴ ላይ ነው ያለፈችው።»

ጋሽ ታምራት ብርጭቆዎቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። እኔም ጠረጴዛው ላይ ጭቃውን፣ ሕዝቡን፣ ባንዲራ የያዘውን ልጅ ለማየት ሞከርኩ።

«እሺ» አሉ ጋሽ ታምራት። «አልገባችም።»

ጋሽ ግርማ ለመጀመሪያ ጊዜ የጋሽ ታምራትን ፊት አዩ።

«ወድቀህ ነበር» አሏቸው። «ማንም አላየህም፣ ሁሉም ወደ እኔ ነበር የሚሮጠው። እግርህ ተሻለህ?»

ጋሽ ታምራት እጃቸውን እግራቸው ላይ አሳረፉ። «ተሻለኝ» አሉ። ሂሩት ወጥ ቤት ገባች፤ ቧንቧው ሲከፈት ሰማሁ።

ጥቂት ቆይቶ ያ እጅ እንደገና ተነሳ። «አልገባችም!» ጋሽ ታምራትም «ልክ ነህ፣ አልገባችም» አሏቸው። እጁ ወረደ።

ወደ ዌስተን ልመለስ ኮቴን ስለብስ ስልኬ ጮኸ። እትዬ አሰለፈች ናቸው። «ምን አለ?» አሉኝ፣ ሰላምታም የለ። ስልኩን ለጋሽ ታምራት ሰጠኋቸው።

«አሰለፈች፣ አልገባችም።»

«አንተም ከዳህ!» የሚለው ጩኸት ክፍሉን ሞላው። ጋሽ ግርማ ፈገግ አሉ።

«ሰውዬው እንዴት ነው?» አሉ እትዬ አሰለፈች ቀጥለው።

«ቁጭ ብሏል። ሻይ ሊጠጣ ነው።»

«ነገ ከቅዳሴ መልስ እመጣለሁ» አሉ እትዬ አሰለፈች። «ገብታለች፤ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። እስቲ ልጅቷን ጠይቅልኝ፣ ምን ይበላል?»

ሂሩት እጇን በፎጣ እያደረቀች ከወጥ ቤት ወጣች።

«ሁሉንም ይበላል በሏቸው» አለች። «ብቻ ይምጡ።»