ሙቀጫ ተሸክሜ ይቅርታ የጠየቅኩባት አገር

ከሁሉ በፊት እኔ ማን እንደሆንኩ ይታወቅልኝ። ስሜ ደምሴ ነው። አሰላ ውስጥ "ደምሴ ኮምባይነር" ብላችሁ ብትጠይቁ የማያውቀኝ የለም። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በራሴ ነው፤ እንግሊዝኛም ያጠናሁት ከስንዴ ማጨጃ ማሽን መመሪያ መጽሐፍ ላይ ነው። በአጨዳ ወራት ዲክሲስ ማሳ መሃል ኮምባይነር ሲቆም፣ ጎበሳ ላይ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሲበጠስ፣ ዲፕሎማ ያላቸው ልጆች አንገታቸውን ደፍተው "ጋሼን ጥሩልን" ይሉ ነበር። ጆሮዬን ወደ ሞተሩ አስጠግቼ ሕመሙን እናገራለሁ።

ከዚያም በላይ አስታራቂ ሽማግሌ ነኝ። በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ተበዳይ ፊት ሲንበረከክ፣ "ይበቃል፣ አውርዱለት" የምለው እኔ ነበርኩ። በአማርኛም በኦሮምኛም አስታርቄያለሁ። ስንቱን ድንጋይ ከስንቱ ማጅራት ላይ አውርጃለሁ! እኔ ራሴ ግን ተሸክሜ አላውቅም ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ሰፋብኝ። ያለችኝ አንዲት ልጅ ሰናይት ናት። ቻይና ለትምህርት ሄዳ፣ አብሯት ይማር የነበረ ሶምሳይ የሚባል የላኦስ ልጅ አግብታ አገሩ ገባች። "ላኦስ" ሲሉኝ የከተማ ስም መስሎኝ ነበር። ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ ደወለች። "አባዬ፣ ይምጡና ከእኛ ጋር ይኑሩ። ስወልድ ከወገኔ አንድ ሰው እንኳ አጠገቤ ይኑር" አለችኝ። በሰባ አንድ ዓመቴ ሻንጣ ገዛሁ።

የሄድኩ ዕለት ጠዋት የጭላሎ ብርድ አጥንት ይሰብር ነበር። ጎረቤቴ ሐጂ ቃሲም እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ።

"አገሩ ባሕር ዳር ነው?" አለኝ።

"ባሕር የላትም አሉ። እንደኛው ናት።"

"ባሕር የሌለው አገርማ እዚህም ነበረህ! ምን ሊሆን ነው ይህን ሁሉ መንገድ?"

ከዚያ ቆቤን አንስቶ፣ መዳፉን ራሴ ላይ ጭኖ፣ እትፍ እትፍ ብሎ መረቀኝ። ምራቁ ግንባሬ ላይ ሳይደርቅ ሚኒባሱ ተነሣ።

ባንኮክ ላይ አውሮፕላን ቀይሬ ቪየንቲያን ወረድኩ። ፓስፖርት የሚያየው ወጣት ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ቱሪስት?"

"አይደለሁም፣ አባት ነኝ" አልኩት በእንግሊዝኛ።

"ሥራ?"

"የኮምባይነር ሐኪም።"

አልገባውም። ስለዚህ ከመመሪያው መጽሐፍ በቃሌ የያዝኩትን፣ "ሞተሩን ከማስነሣትህ በፊት የዘይቱን ልክ መርምር" የሚለውን ጥርት አድርጌ ነገርኩት። ማኅተሙን መታልኝ። እንግሊዝኛዬ ባሕር ማዶ እንደሚሠራ ያኔ አረጋገጥኩ።

የጉምሩክ ሠራተኛዋ ደግሞ የጭኮዬን ጣሳ ከፈተች። የገብስ ዱቄትና የተነጠረ ቅቤ መሆኑን ማን ይንገራት! አሽትታ ወደ ኋላ ሸሸች።

"ይህ ምን ያደርጋል?"

"ለወላድ ነው።"

"መድኃኒት?"

"ምግብ!"

"የሞተ ነገር አለበት?"

ተናደድኩ። በጣቴ ቆርሼ ፊቷ ጎረስኩላት። "ሂድ፣ ሂድ" አለችኝ አፍንጫዋን ይዛ።

እንግዲህ ላኦስን ላስተዋውቃችሁ። ቻይና፣ ቬትናም፣ ካምቦዲያ፣ ታይላንድና ምያንማር ዙሪያዋን ከብበዋታል፤ ባሕር የሚባል አትደርስም። በመጀመሪያው ምሳ ላይ ሶምሳይን "ባሕራችሁን ማን ወሰደባችሁ?" አልኩት። "ማንም አልወሰደብንም፣ ድሮም አልነበረን" አለኝ እየሳቀ። ደነገጥኩ። ባሕር አጥቶ የማይቆጭ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በባሕር ፋንታ ሜኮንግ የሚሉት ወንዝ አላቸው፤ ዋና ከተማቸው ቪየንቲያን ዳሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ቆመህ ማዶ ስታይ ታይላንድ ነው። አዋሽን አውቃለሁ ብዬ የምኩራራ ሰው ያንን ውሃ ሳይ አፌ ተከፈተ።

ሙቀቱንስ በምን ልንገራችሁ? አየሩ ራሱ የተቀቀለ ነው። እኔ ደግሞ እንደ በቆጂ ሰው ጋቢ ይዤ መጥቻለሁ! ሰናይት አራት እጥፍ አጥፋ ለሚወለደው ልጅ ፍራሽ አደረገችው።

ስንዴ የለም። ጠዋት ሩዝ፣ ቀን ሩዝ፣ ማታ ሩዝ። ሩዙ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ በእጃቸው ቆርሰው፣ በጣታቸው ጠቅልለው፣ ዳጣ የመሰለ ነገር እያጠቀሱ ይበሉታል። የሚያስቀምጡበት ክዳን ያለው የቀርከሃ ዕቃ ቁርጥ አገልግላችንን ነው። በዚህ ልቤ ሊረጋ ሲል የጉንዳን እንቁላል በሾርባ መጣ። ረቡዕ እጾማለሁ ብል ጎመን አቀረቡልኝ፤ ጎመኑ ውስጥ ከርሞ የሸተተ የዓሣ ውሃ አለ። የሌለበት ነገር የለም፤ በውሃ ብቻ የዋልኩበት ቀን አለ።

ጎሕ ሲቀድ መነኮሶቻቸው ብርቱካንማ ለብሰው፣ በባዶ እግራቸው ተሰልፈው ምግብ ይቀበላሉ። እኛ አገር የሚለማመጠው የቆሎ ተማሪው ነው፤ እዚህ የሚንበረከከው ሰጪው ነው! ሶምሳይ ደግሞ በምሥራቅ በኩል፣ በአያቶቹ አገር፣ ከድሮ ጦርነት የቀረ ቦምብ እስከ ዛሬ እርሻ ውስጥ እንደተቀበረ፣ ገበሬ ሲቆፍር እንደሚፈነዳ ነገረኝ። እኔ ማሳ ላይ የምፈራው ድንጋይ የማጨጃውን ጥርስ እንዳይሰብርብኝ ነበር። ያን ቀን ምሳዬን መጨረስ አቃተኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የቤቱ አከራይ ሜ ቡንሚ ትባላለች፤ "ሜ" ማለት እናት ነው። ከሽማግሌ አባቷ ጋር እዚያው ግቢ፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ ከፍ ተደርጎ በተሠራ ቤት ትኖራለች። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን እንኳን ደህና መጣህ ልትለኝ መጣች። ወደ ቤተ መቅደሳቸው ልትሄድ የሐር ሽርጥ ታጥቃ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አበባ ሰክታበት ነበር። አባቷና ሁለት ጎረቤቶች ተከትለዋታል። ደጃፉ ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አገናኝታ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ "ሳባይዲ" አለች።

እስቲ ፍረዱኝ። አንዲት ሴት በሽማግሌ ፊት ራሷን ዝቅ ካደረገች ምን ፈልጋ ነው? መዳፌን ራሷ ላይ ጫንኩ። "ውለጂ ክበጂ፣ ቤትሽ ይሙላ" ብዬ ሦስት ጊዜ እትፍ፣ እትፍ፣ እትፍ! በምርቃት ስስት አላውቅም፤ አበባው ረጠበ።

ሜ ቡንሚ ቀና ስትል ፊቷ ዓመድ መስሏል። ከዚያ ፈገግ አለች። "ቦ ፐን ኛንግ" ብላ፣ የያዘችውን ሩዝ አስቀምጣ ወጣች።

"ምን አለች?" አልኩ።

"ምንም አይደለም አለች" አለች ሰናይት።

"ጨዋ ሴት ናት።"

ሰናይት ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "አባዬ፣ ምን ጉድ ሠሩኝ! እዚህ አገር የሰው ራስ አይነካም። የነፍስ ማደሪያ ነው ይላሉ። እርስዎ ነክተው፣ ጭራሽ ምራቅ!"

"መረቅኳት እንጂ መቼ ተፋሁባት?"

"እሱን ለእሷ ማን ይንገራት?"

"ራሷ ምንም አይደለም ብላ የለ?"

"እንዲህ ፈገግ ብለው ሲሉ አልቋል ማለት ነው፣ አባዬ።"

በእርግጥም አልቆ ነበር። በማግሥቱ ወሩ ሲያልቅ ቤቱን ልቀቁ የሚል ወረቀት መጣ። እኔ እዚያ እንድኖር ደግሞ "ናይ ባን" የሚሉት የሠፈር ሹም የሚሰጠው ቅጽ አለ፤ አከራይ ካልፈረመችበት ቪዛዬ ሲያልቅ ወደ አሰላ ነው። ልጄን ላዋልድ መጥቼ፣ በምጧ ዋዜማ ቤት ላስለቅቃት! ሹሙ ዘንድ ሄድን። ሰናይት አስተረጎመች።

"ደጋግሞ ይተፋል?" አለ ሹሙ።

"ለሚገባው ሰው ብቻ" አልኩ።

"በአገራችሁ በምትወዱት ሰው ላይ ነው የምትተፉት?"

"አዎ።"

"በማትወዱትስ?"

"አናባክንም።"

ሳቁ ጉሮሮው ላይ ሲያንቀው አየሁት። ግን ቅጹን ገልብጦ ባዶውን የፊርማ ቦታ አሳየኝ። "ፊርማዋን አምጣ" አለ።

ከቤቷ ሥር ተበላሽቶ የቆመ በእጅ የሚገፋ የእርሻ ሞተር ነበራት። አንድ ከሰዓት ሙሉ ሥሩ ተኝቼ አስነሣሁላት። ፈገግ ብላ አመሰገነችኝ፤ ያችው ፈገግታ! ያኔ ገባኝ። በጥገና የሚሽር ነገር አይደለም። ሰው በድያለሁ፤ የበደለ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ድንጋይ ፈለግኩ። ግቢውን ዞርኩ፣ መንገዱን ዞርኩ፤ አፈሩ የወንዝ ደለል ነው፣ ጠጠር እንኳ የለውም። አሰላ ሳለሁ አንድ ቀን ድንጋይ ይቸግረኛል ብዬ መቼ አስቤ? በመጨረሻ ማዕድ ቤት ገብቼ ሰናይት ቃሪያ የምትወቅጥበትን የድንጋይ ሙቀጫ ተሸከምኩ።

"አባዬ፣ ወዴት ነው?"

"ተከተይኝ፣ ታስተረጉሚያለሽ። ባልሽም ይምጣ።"

ጫማዬን አወለቅኩ፤ ያንን ተምሬያለሁ። ሙቀጫውን በማጅራቴ አድርጌ የእንጨቱን ደረጃ ወጣሁ። ሽማግሌው አባቷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሜ ቡንሚ አጠገባቸው። ተንበረከክኩ። እኔ ደምሴ! ግንባሬ ወለሉን ነካ።

ሜ ቡንሚ አንድ ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?"

ሰናይት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "'ሙቀጫዬን ለምን አመጣው? ዛሬውኑ ሊለቁ ነው?' አለች። አባዬ፣ ሙቀጫው የራሷ ነው። ከቤቱ ጋር የሰጠችን ነው።"

በድዬ፣ ይቅርታ የምጠይቀው በተበዳይዋ በራሷ ዕቃ ነው! ላብራራ አፌን ስከፍት ሙቀጫው ውስጥ የቀረው ቃሪያ በአንገቴ ወርዶ ዓይኔ ገባ። እንባዬ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። በጸጸት ያለቀስኩ መሰላቸው፤ እኔም አላረምኳቸውም።

ሶምሳይ አስረዳቸው፦ በአማቴ አገር ሰው ሲበድል ድንጋይ ይሸከማል፤ ተበዳይ እስኪያወርድለት አይነሣም። ሽማግሌው በደካማ ጉልበታቸው ተነሡ። ልጃቸውን ጠሩና አንድ ጫፉን እሳቸው፣ አንዱን እሷ ይዘው አወረዱልኝ። ከዚያ ሽማግሌው ነጭ ፈትል አምጥተው የእጄን አንጓ ያዙ። ደነገጥኩ፤ ክርስቲያን ነኝ፣ ይህ ምን ያለ ነገር ነው ብዬ እጄን ልስብ ስል፣ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ በጣታቸው አመለከቱ።

"ይህንን ማን አሰረልህ?" አሉኝ በሰናይት በኩል።

"በአርባ ቀኔ፣ ስጠመቅ።"

"ነፍስህን ይዞልሃል?"

"እስካሁን ይዞልኛል።"

"ይህም ለዚያው ነው" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና ፈትሉን አሰሩልኝ። ሜ ቡንሚ ዓይኔ ቲማቲም መምሰሉን ስታይ ሳቀች፤ ፈገግታ ሳይሆን ሳቅ። ቅጹን እፈርማለሁ፣ ቤቱም የእናንተው ነው አለች፤ ግን ዳግመኛ በዚህ ሠፈር የማንንም ራስ እንዳልነካ ቃል እንድገባ ጠየቀችኝ። ገባሁ።

ከእርቁ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ሰናይት በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ ናት፣ ኬኦ አሏት። ጋቢዬ ላይ አስተኟት። ሰናይት ጭኮውን እየበላች፣ "አባዬ፣ ለራስዎ ልጅማ ሜ ቡንሚ ምን ይከፋታል? ይመርቋት" አለችኝ። ግን ቃሉን የገባሁት ከሙቀጫው ሥር እንደተነሣሁ ነው። ከድንጋይ ሥር ተነሥቶ የተገባን ቃል ያፈረሰን ሰው አሰላ ላይ እኔ ራሴ ምን እንደምለው አውቃለሁ።

ዛሬ ሐጂ ቃሲም በቪዲዮ ደወለ። ከኋላው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካፖርቱ ይታየኛል፤ ብርድ አማረኝ።

"መረቅሃት?" አለኝ።

"ራስ አይነካም እዚህ።"

"ያ ረቢ! እስካሁን ያልተመረቀች ልጅ? ስልኩን ወደ እሷ አዙር!"

አዞርኩለት። ከአሰላ ሆኖ ስክሪኑ እስኪደበዝዝ እትፍ፣ እትፍ፣ እትፍ አለ። ኬኦ ዓይኗን ጨፈነች። የልጄን ልጅ ጎረቤቴ ቀድሞኝ መረቀ።

ስልኩን ዘግቼ ይህንን ጻፍኩ። ማንም ሳያስተምረኝ እዚህ የቻልኩትን እወቁልኝ፦

ብቻዬን ሁለት አውሮፕላን ተሳፍሬ ደረስኩ።

በላኦ ቋንቋ እስከ መቶ ቆጠርኩ።

የሠፈሩን አራት የእርሻ ሞተሮች አስነሣሁ።

የጉንዳን እንቁላል በላሁ፤ የጾም ቀን አልነበረም።

የመኖሪያ ቅጼን አስፈረምኩ።

ሙቀጫ ተሸከምኩ።

ኬኦ ዛሬ ሃያ ስድስት ቀኗ ነው፤ በየቀኑ አቅፌያታለሁ፣ እግሯን ይዤ በልቤ መርቄያታለሁ፣ ራሷን ግን አንድ ቀን አልነካሁም።