አንድ ሳምንት የማይሞላ ልዩነት

የተወለድኩት ጳጉሜን አራት ነው። የጎረቤታችን ልጅ ከስድስት ቀን በኋላ፣ መስከረም አምስት። ሰበታ ውስጥ አንድ ሰፈር አድገን፣ አንድ ሜዳ ላይ ኳስ ስንጫወት ማናችንም አንበላለጥም ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላን የከተማው የታዳጊዎች ቡድን የምልመላ ማስታወቂያ አወጣ። ዕድሜ የሚቆጠረው ከመስከረም አንድ ስለሆነ እኔ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ ከሚበልጡኝ ልጆች ጋር ተሰለፍኩ። እሱ ከታናናሾቹ ጋር ገብቶ የሁሉም ታላቅ ሆነ።

አሰልጣኙ የእሱን ስም መጀመሪያ ጻፈ። እኔን ግን፣ «ኳስ ትችላለህ፤ ጉልበት የለህም። ስታድግ ተመለስ» አለኝ። ኋላ አባቴን ለብቻው ጠርቶ፣ «የልደት ካርዱን አንድ ሳምንት ወደፊት ቢያስገፉለት እኮ ይገባ ነበር» አለው።

«ልጄ የተወለደው በተወለደበት ቀን ነው። ውሸት አላስጽፍም» ብሎ አባቴ መለሰለት።

ልክ ነበር። ቢሆንም ለቀናት አኮረፍኩት።

በአሥራ ሰባት ዓመቴ ድንገት ተመዘዝኩና ጓደኛዬን በቁመት አለፍኩት። ሱሉልታ የክለብ ሙከራ አለ ሲባል ሄድኩ።

«የት ስትሠለጥን ነበር?» አለኝ የክለቡ አሰልጣኝ።

«የትም። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ሳልመረጥ ቀረሁ።»

«ታዲያ አምስት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?»

እስካድግ እየጠበቅኩ ነበር ልለው ምንም አልቀረኝም። ሌሎቹ መቼ እንደሚሮጡ፣ የት እንደሚቆሙ ያውቃሉ፤ እኔ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ እዘገያለሁ። ከእረፍት በፊት አስወጡኝ። ጓደኛዬ ዛሬም በኳስ ይኖራል። አልቀናም ብል ውሸቴን ነው።

አሁን ቡራዩ የስፖርት መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤቱን ቡድን መርጬ ስሞቹን ስመዘግብ የልደት ቀናቸውን አየሁ። አብዛኞቹ መስከረምና ጥቅምት። ፈጣን ናቸው ብዬ የመረጥኩት ትልልቆቹን ኖሯል! በራሴ ተናደድኩ። ዳይሬክተሯን፣ «ለትንንሾቹ ሁለተኛ ቡድን እናቋቁም» ብላት፣ «ማሊያው ለአንድ ቡድን ነው። ደግሞ ዋንጫ ያስፈልገናል» አለች።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ አባት በስምንት ወር የሚበልጡት ልጆች ትከሻ ላይ የማይደርስ ልጃቸውን ይዘው መጡ።

«ባርሲሳ፣» አሉኝ በኦሮምኛ መምህር ለማለት፣ «ልጄ ለምን ቀረ?»

«ገና ትንሽ ስለሆነ ነው አባቴ።»

«ካላስተማራችሁት በምን ይደግ?»

«ቅዳሜ ጠዋት ይዘውት ይምጡ» አልኳቸው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰባት ልጆች አሉኝ። ማሊያ የላቸውም፣ የሚወዳደሩበት ቦታም የላቸውም። ሜዳውም የተፈቀደልን ዋናው ቡድን እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው።