ማሸነፊያ የሌለው ጨዋታ

የሠራችሁትን ነገር የሚነካላችሁ ሰው አጥታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ገጥሞኛል። የኮምፒውተር መምህር ሆኜ ሳጉሬ ስመደብ ከክፍል ውጭ የማወራው ሰው አልነበረኝም። የሰፈሩ ወሬ በኦሮምኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ገና ከሰላምታ አላለፍኩም። ስለዚህ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ላፕቶፔን ከፍቼ አንድ ጨዋታ መሥራት ጀመርኩ።

ጨዋታው ሰፊ ሜዳ ነው። የገብስ ማሳ፣ ድንጋይ፣ ቆርቆሮ፣ ፈረሶችና ደስ ሲለው የሚመጣ ጭጋግ አለው። ነጥብ የለውም፤ ማሸነፍም የለም። ልዩነቱን ላስረዳ፦ የእግር ኳስ ግጥሚያ ደንብና ውጤት አለው። ኳሷ ብቻዋን ግን መጫወቻ ናት፤ ምን እንደምታደርጓት የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። እኔ ኳሷን ነበር መሥራት የፈለግሁት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የኮምፒውተር ክፍሉን ከፍቼ ዘጠነኛ ክፍሎችን ጠራሁ። ጥቂቶች መጡ። አጠቃቀሙን በቅደም ተከተል ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው፤ እነሱም ደብተር አውጥተው ገለበጡ። ከዚያ አንዷ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ ከስንት ነው የሚያዘው?»

«ከምንም። ዝም ብላችሁ ተጫወቱ።»

«እሺ፣ መልሱስ የቱ ነው?»

ሁሉም ለምሳሌ ብዬ ሜዳው ላይ የሠራሁትን ቤት አስመስለው ሠሩ። «ጨርሰናል፣ ቲቸር» ብለው ወደ ገበያ ሄዱ። ወንበሮቹን ብቻዬን ሳስተካክል፣ የሰጠኋቸው የቤት ሥራ እንጂ መጫወቻ እንዳልነበረ ገባኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፍኩም። የምሳሌውንም ቤት አጠፋሁት። ሁለት ልጃገረዶች ብቻ መጡ። «ምን እንሥራ?» ሲሉኝ «እኔም አላውቅ» ብዬ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ማስረዳት ለለመደ ሰው አፍን መያዝ ከባድ ነው። ሜዳው ላይ ድንጋይ ደርድረው ላዩን ቆርቆሮ አለበሱት። ከዚያ ሳቅ ሰማሁ።

«እንዴ! ፈረሱን ጣሪያ ላይ አወጣሽው?»

«ጭጋግ ነዋ! ታች ሆኖ ምን ይታየዋል?»

«አብረሽው ውጪ በይ፤ አንቺም ሰሌዳ አይታይሽም!»

ፈረስ ጣሪያ ላይ መውጣት እንደሚችል እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ቀስ በቀስ ወደ ኦሮምኛ ዞሩ፤ ወሬያቸው ፈጠነ፤ እኔን ረሱኝ። ጠጋ ብዬ አብሬያቸው ልስቅ አማረኝ። ካዩኝ ግን ወገባቸውን አቅንተው እንደገና ተማሪ ይሆናሉ። ባለሁበት ቆየሁ። ሰው እንዲያመጣልኝ የሠራሁት ጨዋታ ሰው አገኘ፤ እኔ ግን አሁንም ብቻዬን ነበርኩ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ቆርኪም ይሁን ጭቃ፣ ለአንድ ልጅ ስጡትና ለምን እንደሚሆን አትንገሩት። «ምን ልሥራበት?» ሲላችሁ ዝም በሉ። እስኪረሳችሁ ድረስ ዝም በሉ።