በእንሶስላ የነከርኳቸው እንቁላሎች

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ለንስሐ አባቴ የተናገርኩት ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ እናቴን መሳደቤን ነው። ትንንሹን እየዘረዘርኩ ትልቁን ከኋላዬ ሸሸግኩት። እሳቸውም እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለው በመስቀላቸው ዳበሱኝ፤ እኔም እንደታሰርኩ ወጣሁ። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። ቀጥታ ልበለው፦ የአንዲት አሮጊት ዶሮዎች በእኔ ጥፋት አለቁ። ያን ለመደበቅ ስል ደግሞ የአሮጊቷ ዓይን እንዳይድን አደረግኩ።

አሮጊቷ እማማ ዘውዴ ናቸው፤ የእናቴ አክስት። ቤታቸው ከዘንገና ሐይቅ በላይ፣ ጫካው የሚያበቃበት ጥግ ላይ ነው። ልጅ የላቸውም፣ ባላቸውም ሞተዋል። ዓይናቸውን ሞራ እየሸፈነው ሲመጣ እናቴ እኔን ላከችኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ቆሰበር ውስጥ ያለ ሥራ እዞር ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ሰው ቀስ ብሎ ሲያወራ እንኳ ዓረፍተ ነገሩን ልጨርስለት እፈልጋለሁ። እዚያ ደግሞ ሁሉም ነገር ቀስ ይላል። ጭጋጉ ከሐይቁ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ኔትወርክ ለማግኘት ጉብታው ላይ መውጣት አለብኝ።

ዶሮዎቹን ያየሁት ያኔ ነው። አራት ሴትና አንድ አውራ፤ ሁሉም ጥቁር፣ አንገታቸው ላይ ብቻ መዳብ የመሰለ ላባ ጣል ያደረገባቸው። ሲያዩዋቸው ምንም አይደሉም። እንቁላላቸው ግን ጥቁር ቡናማ ነው። የተወለወለ የቆዳ ጫማ አስቡ፤ እንደዚያ። እማማ ጠይሞቹ ይሏቸዋል። ከአማታቸው ነው የወረሱት፤ አማታቸውም ከእናታቸው። በዚያ መንደር አንዲት ሴት ስትወልድ እማማ ሦስት ጠይም እንቁላል በጭድ ጠቅልለው ይወስዱላታል። አይሸጡም። ጥቁር ዶሮና ጥቁር እንቁላል ለምን እንደሚፈለግ ታውቃላችሁ፤ ውቃቢ ጠየቀኝ የሚል ሰው ከዳንግላ ድረስ እያፈላለገ ይመጣ ነበርና ሁሉንም ከደጅ ይመልሱታል። የእኔ ዶሮዎች ለአራስ እንጂ ለሰይጣን አይጥሉም ይሉ ነበር።

ያስተማሩኝን ልንገራችሁ፤ ሳላውቅ አጠፋሁ እንዳትሉልኝ። ቀለሙ ቅርፊቱ ላይ የሚመጣው መጨረሻ ነው፤ አሁን የተጣለውን በረጠበ ጣት ብታሹት ይለቅቃል። ዶሮዋ ብዙ በጣለች ቁጥር ቀለሙ እየሳሳ ይሄዳል፤ ስታርፍ ይመለሳል። አውራው እንቁላል ባይጥልም ቀለሙን ለልጆቹ ያወርሳል፤ ሲያዩት ግን አይታወቅም። ስለዚህ ሌላ አውራ ግቢው ውስጥ አይገባም። ከገበያ የመጣ ዶሮ ደግሞ፣ በነጻ ቢሰጥ እንኳ፣ ከአጥሩ በታች በራቅ ያለ ጎጆ ሁለት ሳምንት ሳይታሰር እግሩ ግቢውን አይረግጥም። በፊት የነበሩትን ብዙዎቹን ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ጨርሶባቸው ስለነበር በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። ደግመው ሲነግሩኝ፣ ገባኝ እኮ እማማ፣ ብዬ አቋርጫቸዋለሁ።

ከዚያ ለዓይናቸው ጠበል ሄዱ። ሁለት ሳምንት። ዶሮዎቹን ለእኔ አደራ አሉ። ሲወጡ በሩን ይዘው ቆመው፣ አንድ በአንድ በድምፃቸው እየለዩ ስም ጠሩ፤ እኔም ሳቅሁባቸው።

በሦስተኛው ቀን ዳንግላ ገበያ ሄድኩ። ለምን? ሰልችቶኝ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። እዚያ አንድ ትልቅ ቀይ አውራ አየሁ፤ ደረቱ እንደ ጎረምሳ የተነፋ። ጠይሞቹ ትንንሽ ናቸው፤ ይህን ብቀላቅልባቸው ትልልቅ ጠይም ዶሮ ይወጣል፣ እማማ ሲመለሱ ይደነቃሉ አልኩ። ተመልከቱ፤ ያን ሁሉ ሰምቼ የገባኝ ይህ ነው። ሁለት ሳምንት ማን ይጠብቃል? የዚያኑ ዕለት ከጠይሞቹ ጋር ቆጥ ላይ አወጣሁት።

ከዚያ በአምስተኛው ቀን የጠይሞቹ አውራ አንገቱ ዞረ። በትክክል ነው የምላችሁ፤ ፊቱ ወደ ጀርባው ዞሮ፣ ወደ ኋላ እያየ ወደ ፊት ይሄድ ነበር። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች። አረንጓዴ ኩስ፣ የተገለበጠ አንገት፣ ክብ እየሠሩ መዞር። እኔን እያዩ የሚዞሩ ይመስለኝ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ሦስተኛዋ ሞተች። ያመጣሁትም ቀይ ሞተ። አራተኛዋን አላገኘኋትም። ጫካ ገብታ ሞታለች፣ ወይም ሸለምጥማጥ በልቷታል አልኩና ፍለጋዬን ተውኩ። ሌሎቹን ከጓሮ ቀበርኳቸው። መሬቱ ርጥብ ስለነበር ጉድጓዱ ውኃ አቆረ፤ ላባቸው ተንሳፈፈ፤ በድንጋይ ተጫንኩት።

በዚያ ጊዜ እውነቱን ብናገርስ? ያለቅሱ ነበር፣ ይረግሙኝም ነበር፤ ከዚያ ያልፍ ነበር። እኔ ግን ቆሰበር ገበያ ወርጄ ተከትበዋል የተባሉ አራት ጥቁር ሴትና አንድ ጥቁር አውራ ይዤ መጣሁ።

እማማ ከጠበል ተመልሰው ግቢው በር ላይ ቆሙ። ዓይናቸው ጥላና ብርሃን ብቻ ነበር የሚለየው። ለረጅም ጊዜ አዳመጡ።

"አንቺ ልጅ፣ እነዚህ ምን ሆነዋል? ድምፃቸው የእንግዳ ነው" አሉኝ።

ብርድ መቷቸው ነው አልኳቸው። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ቀሪው እንቁላሉ ነበር። ጠዋት ጠዋት የተጣለውን እንቁላል ለበሩ ብርሃን አስጠግተው ያያሉ፤ ነጩ ያበራላቸዋል፣ ጠይሙ ግን ጨለማ ሆኖ ይታያቸዋል። ስለዚህ ጠይም ማድረግ ነበረብኝ። ከወንዙ ዳር እንሶስላ ቆፈርኩ፤ ሥሩን ፍቄ፣ ወቅጬ እንቁላሉን በዚያ ጠቀለልኩት። እጅ ላይ እንደምናደርገው ሎሚ ብጨምርበት ቅርፊቱን በልቶ አሻከረው፤ ሎሚውን ተውኩት። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ስነክረው ጠቆረ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ቀድሜያቸው ተነስቼ ነጩን ከቅርጫቱ አነሳለሁ፤ የትናንቱን የተነከረ እተካለሁ። እሳቸው ይመጣሉ፣ ለበሩ ያነሳሉ፣ ተመስገን ይላሉ።

ጣቶቼ ጠቆሩ። ጎረቤታችን እትዬ አያልነሽ፣ በአገውኛ ጀምራ በአማርኛ የምትጨርስ ተጫዋች ሴት፣ እጄን ይዛ ሳቀችብኝ። "እኛ ሳንጠራ ሙሽራ ሆነሻል? ወይስ ሙሽራው ከሐይቁ ውስጥ ነው የሚመጣው?" አለችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

እማማ ያን የተነከረ እንቁላል ለአራሶች ወሰዱ። ሴቶቹ ተሳልመው ተቀበሏቸው። እኔም ከጎናቸው ቆሜ ነበር።

አሁን የምነግራችሁን እንደፈለጋችሁ ውሰዱት። አንድ ማለዳ ቅርጫቱ ጋ ስደርስ፣ የያዝኩትን ገና ሳላስቀምጥ፣ ውስጡ ጠይም እንቁላል አለ። ሞቃት ነው። እኔ የነከርኩት እጄ ላይ ነው፤ ይህ የማን ነው? ጣቴን በምራቄ አርጥቤ አሸሁት። እንሶስላ ቅርፊት ውስጥ ዘልቆ ይገባል እንጂ እንዲህ አይለቅቅም። ይህ ለቀቀ። ጣቴ ላይ ቡናማ ሆኖ ቀረ። ከጫካው በኩል፣ ጭጋጉ ውስጥ፣ አንዲት ዶሮ እንቁላል ጥላ ስትነሳ የምታሰማውን ጩኸት ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። የገዛኋቸው አራቱም ቆጡ ላይ ነበሩ፤ ሁሉም አንገታቸውን ወደዚያው አዙረው ነበር።

አራተኛዋ ልትሆን ትችል ነበር። ልብ ያላት ሰው ሮጣ ትፈልጋታለች። አንዷ ከተገኘች ዘሩ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ከሞቱት መካከል አንዷ መጥታ የጣለችው መሰለኝ። ወይም አንድ ሰው አይቶኝ ያስቀመጠው። እንቁላሉን ከድንጋይ ጋር አጋጨሁት። ውስጡ እንደማንኛውም እንቁላል ነበር። ምን ጠብቄ ነበር? እጄን ታጥቤ የራሴን የተነከረ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጥኩ። ድምፁን ሁለተኛ አልሰማሁትም፤ ግን እስከ ዛሬ ጭጋግ ሲወርድ አዳምጣለሁ።

እስካሁን ያልኳችሁ ሁሉ የዶሮ ጉዳይ ነው። ዋናው ይኸውላችሁ።

ጥር ላይ የጤና ኤክስቴንሽኗ መጣች። የዓይን ሐኪሞች ቆሰበር መጥተው ሞራ በነጻ እንደሚያነሱ፣ የእማማ ስም እንደተመዘገበ፣ ሐሙስ ጠዋት ይዣቸው እንድወርድ ነገረችኝ። እማማ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ሲመለሱ ነገርኳቸው፤ ነገርኳቸው እኮ፤ እስከዚያ ድረስ ሰው ነበርኩ። ቁጭ ብለው ሳቁ። መጀመሪያ ማየት የሚፈልጉት ምን እንደሆነ ነገሩኝ።

"ጠይሞቼን ነው። ያንገታቸውን መዳብ ካየሁት ስንት ጊዜዬ!"

ያመጣኋቸው ዶሮዎች አንገታቸው ላይ መዳብ አልነበራቸውም።

ሐሙስ ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ተቀመጡ። እኔ ስልክ ልደውል ብዬ ጉብታው ላይ ወጣሁ። ለማንም አልደወልኩም። ቆሜ ሐይቁን አየሁ። ከዚያ ወርጄ፣ ሐኪሞቹ ቀርተዋል፣ ሌላ ጊዜ ነው የሚመጡት አልኳቸው። እማማ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጎን ለጎን አድርገው አስቀመጡት። ልረሳው የምፈልገው ነገር ቢኖር ያን ጫማ ነው። እኔ ነኝ ያልኳቸው። ማንም አላስገደደኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከአፌ ለመውጣት ምንም አልፈጀበትም።

ከሳምንት በኋላ ከታች መንደር አንድ ሽማግሌ ማየት ጀመሩ ተባለ። እማማ ሰሙ። ለእሳቸው ሐኪሞቹ እንዴት መጡላቸው ብለው ጠየቁኝ፤ እሳቸውማ ባሕር ዳር ነው የሄዱት አልኩ። ኤክስቴንሽኗ ስትጠይቀኝ ደግሞ፣ ቢላዋ ፈርተው እምቢ አሉ አልኳት። ለአንዱ ውሸት አንድ ሌላ ውሸት፤ እንደ እንቁላሉ፣ በየማለዳው አዲስ።

ክረምት ሲገባ ግራ ዓይናቸውን ያማቸው ጀመር፤ ከዚያም ቀኙን። ጭንቅላታቸውን በሻሽ አስረው ያቃስቱ ነበር። በመጨረሻ ራሴ በባጃጅ ጭኜ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ሞራው አብጦ ውስጡን ተጭኖ ነርቩን እንደገደለው ነገረኝ። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ይድን ነበር አለ። ወጣቱ ሐኪም ትሑት ነበር፤ ያጠፋችው እሷ ናት ብሎ አልጠረጠረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ እማማ ጥላም አያዩም።

እና ታውቃላችሁ ምን አደረግኩ? እንሶስላውን ተውኩት። አያስፈልግማ። አሁን ነጩን እንቁላል እጃቸው ላይ አስቀምጣለሁ፤ እሳቸው በጣታቸው እያገላበጡ፣ ጠቆረ ወይ ይሉኛል። አዎ እማማ፣ እላለሁ። ዓመት ሊሞላው ነው። አዎ እማማ።

ምናልባት ያውቁ ነበር ብላችሁ አታጽናኑኝ። ቢያውቁ ኖሮ ለእኔ ይቀለኝ ነበር፤ ስለዚህ አልቀበለውም። እንቁላሉን ይዘው ተመስገን ሲሉ ፊታቸውን አይቻለሁ። ያ የሚያውቅ ሰው ፊት አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ሌላ ነገር ሆነ። እትዬ አያልነሽ ልትታቀፍላት ያለች ዶሮ አላትና እማማ ጠርተዋት ነበር። እኔ ካለፍኩ ዘሩ እንዳይጠፋ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ፣ ብለው አሥራ አንድ እንቁላል አስለቀሙኝ። አያልነሽ ገና አልደረሰችም። ቅርጫቱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አንዱን አነሱና ወደ እኔ ዘረጉት።

"ጠቆረ?"

አሥራ አንዱም ነጭ ነበሩ። አሁን አዎ ብል አያልነሽ ገብታ ታያቸዋለች፤ እውነቱን ያናገረኝ እሱ አይደለም፣ ለእሷም የምነግራት ውሸት ነበረኝ። ግን አፌ እምቢ አለ።

"ነጭ ነው፣ እማማ።"

እንቁላሉን መልሰው አስቀመጡት። እጃቸው ቅርጫቱን ዳር እስከ ዳር ዳሰሰ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ። ዶሮዎቹ ደጅ ይጭራሉ፤ ያን ጊዜ ጆሯቸውን ወደ እነሱ ሲያቀኑ አየሁ። ከጠበል በተመለሱ ቀን እንዳደረጉት።

"ከመቼ ጀምሮ?" አሉኝ።

ሮጬ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ጉብታው ላይ ተቀምጬ ነው። ቤቱ ከዚህ ይታየኛል፤ በሩ ክፍት ነው፣ አያልነሽ ገብታ ወጥታለች፣ እሳቸው ግን ከተቀመጡበት አልተነሱም። እየጠበቁኝ ነው። ስለ ዶሮዎቹ ነው የጠየቁኝ፤ ስለ ሐሙሱ አያውቁም። የመጀመሪያውን ነግሬ ሁለተኛውን ብደብቅ ማን ያውቅብኛል? እዚህ ተቀምጬ ያንንም አስቤያለሁ፤ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ። ለዚህ ነው ለእናንተ አስቀድሜ የጻፍኩት፤ ወርጄ ስናገር የሐሙሱን እንዳልዘለው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ዓይኑ የእናንተ አይደለም። እሳቸውንም ይቅር በሉኝ አልላቸውም። የጠየቁኝን እመልሳለሁ፤ ከዚያ ያልጠየቁኝን እነግራቸዋለሁ። ወረቀቱን አጥፌ ልወርድ ነው።