ጀሪካን ያልያዘ ሰው አይቆምም

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሐይቅ ዳር ያለችው መንደር ቡሹሎ ስደርስ የሚታይ ነገር አልነበረም። ጭጋጉ ከሐይቁ ወጥቶ እንሰቱን ሸፍኖታል። የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ሰውየው ግን የለም። የባጃጁ ሾፌር «እዚህ ነው መሰለኝ» ብሎ አውርዶኝ ተመለሰ። ድምፁን ተከትዬ ሄድኩ። መጀመሪያ ያየሁት የቆርቆሮ ጣሪያ ነበር፤ ቀጥሎ ከጣሪያው ሥር ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰው።

ጋሽ ደረጀ ነበሩ፤ የወተት ማኅበሩ ተቆጣጣሪ።

«ከመናኸሪያ ሰፈር የምትመጣው ልጅ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አፍንጫሽ ደህና ነው? ጉንፋን የለብሽም?»

ኮሮና የገባበት ዓመት ስለሆነ ስለ በሽታው የጠየቁኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። «ምንም የለብኝም፣ ትኩሳትም የለኝም» አልኳቸው። ሳቁ። የወተት ተቀባይ የመጀመሪያ መሣሪያው አፍንጫው መሆኑን ያን ጊዜ ነገሩኝ። «ጭምብልሽን ዝቅ ታደርጊያለሽ፣ ታሸቺያለሽ፣ ወዲያው ትመልሺዋለሽ። ሁለቱንም አትርሺ» አሉኝ።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ውስጥ ከተቀመጥኩ ጥቂት ሳምንታት አልፈው ነበር። ለጊዜው ነው ብዬ የገባሁበት ሥራ ዓመታት ወሰደኝ። አሁን የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው አብረውኝ ለሠሩት ጓደኞቼና በእኔ ቦታ አዲስ ለገቡት ነው። የማስታውሰውን በተቻለኝ መጠን ሳልጨምር ለማስቀመጥ ሞክሬአለሁ።

በማኅበሩ ደንብ ተቀባይ ይቀበላል፣ መርማሪ ይመረምራል፣ ተቆጣጣሪ ከሁለቱ በላይ ነው። ያኔ ሠራተኛ ስለተቀነሰ መቀበሉም መመርመሩም እኔ ላይ ወደቀ። የሐይቅ ዳር ሆቴሎች ተዘግተው ስለነበር ወተቱ በአብዛኛው ቅቤና አይብ ይሆን ነበር። ጋሽ ደረጀ በፒካፕ እየመጡ የሞላውን ትልቅ የወተት ጣሳ ይወስዳሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ይሸተታል። ቀጥሎ ጥቂት ወተትና ያንኑ ያህል አልኮል በትንሽ የመስታወት ቱቦ ተቀላቅሎ ይነቀነቃል፤ ከቋጠረ ሊኮመጥጥ ጀምሯል ማለት ነው። በመጨረሻ ላክቶሜትር ይገባበታል። ላክቶሜትር አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ወፈር ያለ የመስታወት መንሳፈፊያ ነው። ንጹሕ ወተት ውስጥ ከፍ ብሎ ይቆማል። ውሃ ያለበት ወተት ውስጥ ዝቅ ይላል። ሞቅ ያለ ወተትም ዝቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ገና ከጡት የወጣ ወተት እስኪበርድ ይጠበቃል።

ወሬው የሚወራው በዚያ መጠበቅ ውስጥ ነበር።

ከዚያ በፊት ገበሬዎች ስለ ምን እንደሚያወሩ አላውቅም ነበር። ስለ ሣር ያወራሉ። ስለ ጥጃ ያወራሉ። ትናንት ስለዘነበው ዝናብ፣ እስከ ማን አጥር እንደዘነበና ከማን አጥር በኋላ እንደቆመ ያወራሉ። ጭጋግ ውስጥ ሆነው ቀስ እያሉ ስለሚናገሩ አንዳንዴ እዚያው ቆሜ እንቅልፍ የወሰደኝና በሕልሜ የምሰማቸው ይመስለኝ ነበር። ሐይቁ ላይ ጀልባ የለም፣ መንገዱ ላይ መኪና የለም። ከሩቅ ጉማሬ ሲተነፍስ ይሰማል።

«ማታ ጎመኔ ውስጥ ገባ» አሉ አንድ ቀን እትዬ ወርቄ። እትዬ ወርቄ ሁለት ላሞች ያሏቸው፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴት ናቸው።

«ማን?» አለ ተሰማ። ተሰማ ከሁሉም ወጣቱ ገበሬ ነው።

«ጉማሬው ነዋ። ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ጊዜ እሱ ወጣ።»

«ጭምብል አድርጓል?»

«አላደረገም። አንተ ሄደህ አድርግለት!»

ሌላ ቀን ደግሞ ተሰማ አየርላንድ የሚኖር የአጎቱ ልጅ የላከለትን ቪዲዮ በስልኩ አሳየን። ሁለት ሽማግሌ ገበሬዎች ከአጥር ወዲህና ወዲያ ተራርቀው ቆመው ያወራሉ። አካባቢያቸው አረንጓዴ ነው፤ ከኋላቸው ጭጋግ አለ።

«ምን ይላሉ?» አሉ እትዬ ወርቄ።

«እንግሊዝኛቸው ይፈጥናል፣ አልያዝኩትም። ሰውየው ግን በጣቱ ሰማዩን እያሳየ ነው።»

«እና?»

«ስለ ዝናብ ነዋ! ሌላ ስለ ምን ይሆናል?»

አባባ ሐመሶ ስልኩን በሩቁ አተኩረው ሲያዩ ቆዩ። አባባ ሐመሶ ሚስታቸው ዓምና የሞቱባቸው፣ አንድ ላም ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ይርጋለም ነው የምትኖረው፤ መንገድ ስለተዘጋ መምጣት አልቻለችም። «ያኛው ሰውዬ ብቻውን ነው የሚኖረው» አሉ በመጨረሻ።

«በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«ወሬው አልቆ እንኳ አልሄደም።»

ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ስለነበር ጋሽ ደረጀ ከጣሪያው ፊት ለፊት በኖራ ክቦች አሠመሩ። በክብና በክብ መካከል ሁለት ሰፊ እርምጃ አለ። በማግስቱ ስደርስ በየክቡ ውስጥ አንድ አንድ ጀሪካን በሥርዓት ተቀምጧል። ገበሬዎቹ ግን የሉም። ሁሉም አጠገቡ ካለው ግራር ሥር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ያወራሉ።

ጋሽ ደረጀ ከመኪናቸው ሳይወርዱ ጮኹ። «ክቡ ለሰው ነው እንጂ ለጀሪካን ነው እንዴ?»

«ተራችንን ይዞልን ነው፣ ጋሼ» አለ ተሰማ።

«ተራ አይደለም! ርቀት ነው!»

«እሱስ ተራርቋል» አሉ እትዬ ወርቄ ጀሪካኖቹን እያሳዩ። «እዩት፣ አንዱ ካንዱ አይነካካም።»

ያን ቀን ጋሽ ደረጀ ቁርጥ ያለ ደንብ አወጡ። ጀሪካን የያዘ ሰው ክቡ ውስጥ ይቆማል። ጀሪካን ያልያዘ ሰው ግን አይቆምም፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔም ደንቡን እንዳስከብር ታዘዝኩ። ማስቀየም አልወድም፤ ቢሆንም አስከበርኩ። ገበሬዎቹ በየክባቸው ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማውራት ለመዱ። ጭጋጉ ሲወፍር ክቦቹ ከመሬት የተነሡ ይመስላሉ፤ ሰዎቹም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ትንሽ ደሴት ላይ የቆሙ።

የአባባ ሐመሶ ላም እየነጠፈች እንደሆነ የሰማሁት ከዚያ ወሬ ነው። እርጉዝ ናት፤ ወተቷ በየቀኑ ይቀንሳል። «ዛሬ ደግሞ ጎደለ» ይላሉ ጀሪካናቸውን ሲያቀብሉኝ። ሌሎቹ ያጽናኗቸዋል። አንድ ሳምንት ያህል እንዲህ ሆነ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ወተታቸው በእጥፍ ጨምሮ መጣ።

አሸተትኩት፤ ደህና ነው። በአልኮል ሞከርኩት፤ አልቋጠረም። እስኪበርድ ጠብቄ ላክቶሜትሩን አስገባሁ። ሰመጠ። ትንሽ ዝቅ ቢል ገና ሞቅ ያለ ነው እል ነበር። እስከ አንገቱ ጫፍ ነው የገባው። አውጥቼ ጠርጌ ደገምኩት። ያው ነው።

ወተት ውስጥ ውሃ መጨመር በማኅበሩ ትልቁ ጥፋት ነው። በመጀመሪያው ወተቱ ተመልሶ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በሁለተኛው አባሉ ይሰረዛል፤ ላሙ ብትወልድም ከዚያ በኋላ ወተቱን የሚቀበለው የለም።

ሌሎቹ ሲያዩ ላዋርዳቸው አልፈለግሁም። «አባባ፣ አንዴ ወደዚህ ይምጡ» አልኩና ከጣሪያው ጀርባ ወሰድኳቸው። ራቅ ብለን ቆምን።

«ወተቱ ውሃ አለው፣ አባባ።»

«አለው» አሉ። አልካዱም።

«ለምን?»

ጭምብላቸው ከአፍንጫቸው ወርዶ ነበር፤ አላስተካከሉትም። «ከትናንት ወዲያ የሰጠችኝ አንድ ኩባያ ነው። ትናንትም ያው። ነገ ምንም አትሰጠኝም። ቤት ውስጥ ማንም የለም፣ ልጄ። ጠዋት እዚህ መጥቼ ነው የሰው ድምፅ የምሰማው። ጀሪካን ያልያዘ አይቆምም አላችሁ።»

ወደ ጣሪያው ዞሬ ጀሪካናቸውን አየሁ።

«ወተቱን ድፊው» አሉ። «ሒሳቡም ይቅር። እኔን ግን ነገ አትመልሺኝ።»

ወተቱን መለስኩ። መመለስ ግዴታዬ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እመልሰዋለሁ። ጋሽ ደረጀ ሲመጡ ነገርኳቸው፤ መንገርም ግዴታዬ ነው። ምክንያቱንም ነገርኳቸው።

ጋሽ ደረጀ የጣሳውን ክዳን እያጠበቁ ሰሙኝ። «ያሳዝናል» አሉ። «ግን ለአንዱ ውሃ ከፈቀድኩ ለሁሉም ነው። የመራራቁም ደንብ የኔ አይደለም፣ ከበላይ የመጣ ነው። ከደገሙ እንደሚሰረዙ ንገሪያቸው።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸውን አልቀነሱም። ጭጋግ ሰውን ይሸፍናል እንጂ ድምፅ አይሸፍንም። በየክቡ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። አባባ ሐመሶ የተመለሰ ጀሪካናቸውን ይዘው በእንሰቱ መካከል ሄዱ።

በማግስቱ አልመጡም። ክባቸው ባዶ ነበር፤ ማንም አልገባበትም። ወሬውም እንደ ሌላው ቀን አልሆነም። ተሰማ ስለ ዝናብ አንድ ነገር ጀመረ፤ የመለሰለት ስለሌለ ተወው። እትዬ ወርቄ በቋንቋቸው፣ በሲዳሙ አፎ፣ አንድ ነገር አሉ። ተሰማ ራሱን ነቀነቀ። ምን እንዳሉ አልገባኝም፤ አልጠየቅሁምም።

በሦስተኛው ቀን አባባ ሐመሶ መጡ። የያዙት ጀሪካን አረንጓዴ ክዳን ያለው ነው፤ የእትዬ ወርቄ ጀሪካን። እትዬ ወርቄ የሉም።

«ወርቄ ጉልበቷን አሟታል» አሉኝ አባባ ሐመሶ። «ያድርሱልኝ ብላ ማለዳ ቤቴ ድረስ ላከችው።»

መረመርኩት። ላክቶሜትሩ ከፍ ብሎ ቆመ። በእትዬ ወርቄ ስም ተቀበልኩ። አባባ ሐመሶ ክባቸው ውስጥ ገብተው ቆሙ፤ ጀሪካን ይዘዋልና። ተሰማ ወዲያው «አባባ፣ ያ ጉማሬ ትናንት እኔ ጋ መጣ እኮ» አላቸው። ወሬው እስከ ረፋድ ቀጠለ።

በማግስቱ እትዬ ወርቄ መጡ፤ ተሰማ ቀረ። የተሰማን ጀሪካን አባባ ሐመሶ ይዘዋል። ወገቡን ነው አሉ። ከዚያ ሌላው ጎረቤት ቀረ፤ ጣሪያው አፍስሶ። ከዚያ ደግሞ እትዬ ወርቄ። እንዲህ እየተፈራረቁ ቀጠሉ። በየቀኑ ከክቦቹ የአንዱ ሰው ድምፅ ይጎድላል። ዛሬ የእትዬ ወርቄ ተረብ የለም፤ ነገ የተሰማ ስልክ የለም። ለእነሱም ጠዋት ከቤት የሚወጡበት ምክንያት ያ ወተት ብቻ ነበር። ያንን ምክንያት በየተራ ለአባባ ሐመሶ ይሰጧቸዋል።

ጋሽ ደረጀ ሳይነቁ አልቀሩም።

«ወርቄ የት አለች?» አሉ አንድ ቀን።

«ጉልበቷን ነው» አለ ተሰማ።

«ትናንት አንተን ነበር ጉልበትህን?»

«የኔ ወገብ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሽ ደረጀ ወደ አባባ ሐመሶ አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጀሪካን ይዘዋል?»

«ይዘዋል።»

«ወተቱስ?»

«ንጹሕ ነው፣ ጋሼ።»

«በይ ጣሳውን አብረሽ አንሺልኝ» አሉኝ። ጫንን፤ ሄዱ።

ግን አንድ ነገር ያስጨንቀኝ ነበር። አባባ ሐመሶ የሚታለሉ መስሎኝ ነበር። አንድ ጠዋት የወተቱን መብረድ ስንጠብቅ ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ እትዬ ወርቄ በእውነት ጉልበታቸውን አሟቸው ይመስልዎታል?»

«የወርቄ ጉልበት?» ሳቁ። «ትናንት ከዳገቱ ሣር ተሸክማ ስትወርድ አይቻታለሁ። አንተን እንኳ ትሸከማለች።» ተሰማን ነው አንተ ያሉት፤ ተሰማም ከክቡ ሆኖ ሳቀ።

«ታዲያ ለምን እንደሚያውቁ አይነግሯቸውም?»

«ልጄ፣ ብነግራት ነገ ምን አመካኝታ ትቀራለች?»

ውሎ አድሮ የአባባ ሐመሶ ላም ወለደች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንገር ስለሆነ አንቀበልም፤ እሱም አልፎ አባባ ሐመሶ የራሳቸውን ጀሪካን ይዘው መጡ። ያን ጠዋት ማንም አልቀረም፤ የማንም ጉልበት አላመመም። አሸተትኩ፣ በአልኮል ሞከርኩ፣ እስኪበርድ ጠበቅሁ፣ ለካሁ። ንጹሕ ወተት ነበር። «ተቀብያለሁ» አልኳቸው። ማንም ስለ እሱ ምንም አላለም። ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት ወይስ የላትም በሚለው ላይ ተከራከሩ።

ለአዲስ ተቀባዮች የምነግራችሁ ይህን ነው። ውሃ የገባበትን ወተት መልሱ፤ ደንቡ ትክክል ነው። ባለቤቱን ግን ለብቻው ጠርታችሁ ለምን እንደጨመረ ጠይቁት፤ ላክቶሜትር ያንን አይለካም።