ለፉርኖ ዱቄት ያልተነሣ እጅ

ደብረ ማርቆስ ያሰሩን የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ጣሊያን ከየገበሬው የወሰደውን ጤፍ ያከማችበት ቤት ነው፤ ጤፉን ወታደሩ በልቶ ሲጨርሰው እኛን አስገቡበት። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የጤፍ ሽታ ነው። ፍሬ ተርፎ እንደሆነ ብዬ ወለሉን በእጄ ዳበስኩ። ከጨለማው ውስጥ አንዲት ባልቴት፣ «አይዞሽ ልጄ፣ አይጦቹም ተስፋ ቆርጠው ሄደዋል» ስትል ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እስር ቤት ይሳቃል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

የያዙኝ ከይጁቤ ገበያ ስመለስ ነው። አገልግሌ ውስጥ በሶ አገኙና ለሽፍታ የምትወስጂው ነው አሉኝ። ለአርበኛ ነበር፤ ዛሬ ብናገረው ማን ይከሰኛል። ጡት ያልጣለች ልጅ ለእናቴ ትቼ ነበርና፣ ጡቴ እየጋተ ቀሚሴን ያረጥበው ነበር።

ዘመኑ የረሃብ ዘመን ነው። በሬው አልቋል፣ መሬቱ ጦም አድሯል፣ ጨው እንኳ ጠፍቷል። አንድ ቀን አስተርጓሚው መጣና የጣሊያኑን አለቃ ቃል ነገረን። ቅዳሜ ገበያ ላይ ቆመን፣ እንደነሱ ቀኝ እጃችንን አንሥተን፣ ያስራበን አርበኛው ነው ካልን፣ የፉርኖ ዱቄት ተሸክመን ወደየቤታችን እንገባለን። አብራን የታሰረች የአንድ አርበኛ ሚስት ነበረች። እሷን ሕዝቡ ፊት ሊያቆሟት፣ እኛ ደግሞ ልንመሰክርባት ነው። ያን ዕለት ከመሀላችን አውጥተው ከግቢው ማዶ ካለች ክፍል ለብቻዋ ዘጉባት።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ዱቄቱን እንቀበል፣ አፍ ያለውን ልብ ካላለው ምን ኃጢአት አለው አለች። እኔም ልጄን አሰብኳት፤ ዝም አልኩ።

በራችንን የሚጠብቀው ሶላቶ፣ የጣሊያን ወታደር፣ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነበር። ከአስተርጓሚው ጋር ሲጋራ ሲካፈሉ ባልቴቷ ወደ በሩ ስንጥቅ ተጠጋችና ጠየቀችው።

«ይህን ሸሚዝ ማን አለበሰህ? ከእናትህ ሆድ ለብሰኸው አልወጣህ።»

ሰውዬው ሥራ ፈትቶ ነበር መሰለኝ፣ አወራላት፤ አስተርጓሚውም እየተከተለ ነገረን። ባገሩ ከትልቁ ጦርነት በኋላ ሥራ ጠፋ። ከግንባር የተመለሰው ወንድ አደባባይ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ዳቦው በየጊዜው ይወደዳል፤ ሹሞቹ እርስ በርስ ይካሰሳሉ። ጥቁር ሸሚዞቹ ያን ጊዜ መጡ። ጥቂት ነበሩ፣ ሰውም ይስቅባቸው ነበር። ኋላ ዳቦ ማደል ጀመሩ፤ ከዳቦው ጋር የረሃቡን ምክንያት አብረው ያድሉ ነበር። ያስራባችሁ እገሌ ነው ይላሉ። በሱ መንደር እገሌ የተባለው ሠራተኞቹን ያሳድማል የተባለ ጫማ ሰፊ ነበር። በዱላ ሲቀጠቅጡት ይህ ሶላቶ ከራሱ ቤት ተቀምጦ ያን ዳቦ እየበላ ነበር።

«ጫማ ሰፊው አንተን ምን አደረገህ?» አለችው።

«ምንም። ዳቦው ግን ትኩስ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ዳቦውን የበላ ሁሉ ዱላውን አይቷልና ዝም አለ። ዝም ያለው ደግሞ ውሎ አድሮ ሸሚዙን ለበሰ።

ባልቴቷ ባገሯ የጽዋ ማኅበር ሙሴ ነበረች፤ ማኅበሩን የምትመራ። ሰው የሚሰባሰብበትን ሌላ መንገድ አታውቅም። የነሱንም እንደኛው መስሏት፣ «ታዲያ ከድግሱ የቀረ ሰው ድርሻውን በማን ትልኩለታላችሁ?» አለችው። አስተርጓሚው ሳቀ፣ ቢሆንም ተረጎመላት። ሶላቶው አልሳቀም።

«የቀረውን እንደበድበዋለን» አለ።

ባልቴቷ አማተበች። «ምን ያለ ማኅበር ነው እቴ» ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ዓርብ ማርያም ዋለች። እናቴ ዳቦ ላከችልኝ፤ ሶላቶው በሳንጃ ሰነጣጥቆ ፈትሾ አስገባው። ባልቴቷ በጣሳ ያለውን ውኃ እንደ ጽዋ መሀል አስቀመጠች፣ አቡነ ዘበሰማያት አደረሰች፣ ከዚያ ዳቦውን ለኔ ሰጥታ ቁረሺ አለችኝ። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ የታመመች ወይም መንገድ ያገዳት ማኅበርተኛ ድርሻዋ ቀድሞ ይነሣላታል። ከዳቦው ደህናውን አነሣሁና በሩን መታሁ።

«ለማን ነው?» አለኝ አስተርጓሚው።

«ከማዶ ያለች ማኅበርተኛ አለችን።»

ሶላቶው ቁራሹን ተቀብሎ ብዙ አየው። ይጥለዋል ብዬ ነበር። ግቢውን ተሻገረ፤ የማዶው በር ሲከፈትም ሰማን። ያቺ ዱቄቱን እንቀበል ያለችው ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ ዳግመኛ ነገሩን አላነሣችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ከረጢቱን አፉን ከፍተው ደጃፉ ላይ አቆሙት። ዱቄቱ እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ ነጭ ነበር። ማንም አልተነሣም። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ እንኳ ልጅ አለሽ። ዛሬ ማታ ታቅፊያታለሽ እኮ።»

«እዚያ ባነሣሁት እጅ አላቅፋትም» አልኩት።

ከረጢቱን አስሮ ይዞት ሄደ። የአርበኛውን ሚስት ብቻዋን ገበያ አቆሟት፤ የሚመሰክርባት አላገኙም። ማታ ወደ እኛ ሲመልሷት ገና ከበሩ ሳትገባ፣ «ድርሻዬ ደርሶኛል» አለችን። 

ክረምቱን እዚያው ከረምን። ጡቴ ደረቀ። ስፈታ ልጄ አላወቀችኝም፤ ከእናቴ ቀሚስ ሥር ተሸሸገች። እስክትለምደኝ ራቅ ብዬ ተቀምጬ ተረት አወራላት ነበር። ተረት መውደዴም ከዚያ ወዲህ ነው።

ዛሬም ኑሮ ሲከፋ ጣቱን ጎረቤቱ ላይ የሚቀስር አይጠፋም፤ ተከትሎት የሚያጨበጭብም ሞልቷል። ስቆጣ ጊዜ ልጆቼ ያባብሉኛል። ምን ያድርጉ እማዬ፣ ርቧቸው እኮ ነው ይሉኛል።

እኔም ርቦኝ ያውቃል እላቸዋለሁ።