ቄሱ ስሙን የዘለሉበት ጸሎት

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ማንም አልደበደበኝም። ከእኔ በላይ የተጎዱ ብዙዎች አሉ፤ ሐዘኑም የእኔ አልነበረም። ሆኖም ከዚያ ክፍል ይዤው የወጣሁት ይህንን ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤት ስመለስ ዳባት ላይ ወታደሮች ከሚኒባስ አወረዱኝ። ስልኬ ውስጥ የሰልፍ ፎቶ ተገኘ። በዚያው ቀን ደባርቅ ወስደው የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። በሲሚንቶው ወለል ጥግ ላይ አሁንም የገብስ እብቅ ነበረ። በሊማሊሞ በኩል ባለችው ትንሽ መስኮት ጉም ይገባል። አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ።

"ተማሪ ነህ?" አሉኝ ከደረስጌ በኩል የመጡ ሽማግሌ ገበሬ።

"አዎ አባቴ፣ አንደኛ ዓመት።"

"መሮጥ የሚያስተምሩት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው እንዴ?"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ጠጋ ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ልጃቸው ወታደር ነው፤ ሶማሊያ ዘምቷል። ስልክ ሲደውል ስለ ባሕሩ ነግሯቸዋል። "ውኃው ጨው ነው አለኝ። 'ታዲያ ከብት ይወደው የለ?' ስለው ሳቀብኝ" ይሉን ነበር።

አመሻሽ ላይ አብረውን የታሰሩ ቄስ ጸሎት ያደርሳሉ። እያንዳንዳችን የምናስብለትን ሰው የክርስትና ስም ሰጥተናቸዋል፤ "ጠብቃቸው" እያሉ በየተራ ይጠሯቸዋል። የሽማግሌው ልጅ ስም ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው።

በሰባተኛው ቀን እህቴ ስንቅ ይዛ መጣች። ከሽቦው ማዶ ሆና፣ በር ላይ ስንቅ ሊያቀብሉ ከመጡ የሽማግሌው ዘመዶች የሰማችውን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። የሽማግሌው ልጅ ሶማሊያ ውስጥ በውጊያ ሞቷል፤ ቤተሰቡም መርዶ ተነግሮታል። "ለአባትየው ግን እስኪፈቱ አይነገርም ተብሏል። አደራ!" አለችኝ።

አደራዋን ግማሽ ቀን እንኳ አልጠበቅኩም። ቢጨንቀኝ ለቄሱ ነገርኳቸው፤ ያውም ለጸሎት ሊነሡ ሲሉ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

"አሁን ነው የምትነግረኝ?" አሉና መስቀላቸውን ጨበጡ።

ጸሎቱን ጀመሩ። ስሙ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መሞቱን እያወቁ ከሕያዋን ጋር ሊጠሩት አልቻሉም። ከሙታን ጋር ቢጠሩት መርዶ ነው፤ መርዶ ደግሞ በማለዳ እንጂ ሲመሽ አይነገርም። ዘለሉት።

ሽማግሌው ቀና ብለው ቄሱን አዩ።

ጎሕ ሲቀድ ከሁላችን ቀድመው ተነሥተው ነበር። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

"በሉ ንገሩኝ" አሉ። "ነግቷል።"

ቄሱ ነገሯቸው። እኛም እንደ ለቅሶ ቤት በግራና በቀኝ ተደርድረን ተቀመጥን። እኔ እግራቸው ሥር ወድቄ "አጠፋሁ አባቴ" አልኩ።

"ዝም በል። ሳላለቅስለት ልከርም ነበር እኮ።"

ከመካከላችን አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያለቅስ ጠባቂው በሩን ደበደበ። "ጩኸት ክልክል ነው!"

"አንጮኽም ልጄ" አሉ ሽማግሌው። "የሞተው ወታደር ነው፤ እንደ አንተ።"

በሩ ተከፈተ። ጠባቂው ደጃፉ ላይ ቆሞ አየን።

"የት ነው?"

"ሶማሊያ። ልጄ ነው።"

ኮፍያውን አወለቀ። "እግዜር ያጥናዎት፣ አባቴ።"

"እናት አለችህ?"

"አለች።"

"ዛሬ ደውልላት።"

ከዚያ ወደ ቄሱ ዞሩ። "አባ፣ ለአርባው እደርስ ይሆን?" ቄሱ ቀኑን በጣታቸው ቆጠሩ።

እኔ በዚያው ሳምንት ተፈትቼ ትምህርቴን ቀጠልኩ። ጓደኞቼ ስለ እስር ሲጠይቁኝ ቁጣ ይጠብቃሉ። እኔ ግን ቶሎ ትዝ የሚሉኝ፣ ልጃቸውን ገና ሳያለቅሱ ስለ ጠባቂያቸው እናት ያሰቡት ሰው ናቸው። ለእናቴም ከበፊቱ ቶሎ ቶሎ እደውላለሁ።

አርባው ሐምሌ 2 ቀን አባትየው በሌሉበት ወጣ። እሳቸው የተፈቱት ሐምሌ 5 ቀን ነው።